ከ10ኛ ክፍል ወደ ኮሌጅ፦ የሳይመንስ ሮክ ፕሮግራም ከጅማ ሆኖ ሲመዘን

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ሳይመንስ ሮክ የተባለው የአሜሪካ ኧርሊ ኮሌጅ በማስተማር ዘዴው ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። ከጅማ ለሚነሳ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን የሚመከረው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ኮሌጁ የአራቱንም ዓመት ወጪ በጽሑፍ ሲሸፍን። ሁለተኛው፣ ቤተሰቡ ልጁ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ሳይኖረው መቅረቱ እዚህ አገር ምን እንደሚያስከትል አውቆ ሲወስን። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ማትሪክ ተፈትኖ በመደበኛው በር ማመልከት ይሻላል። ለትምህርቱ ከ5 5፣ ለወጪው 2፣ ወደ አገር ለሚመለስ ሰው በሚሰጠው ወረቀት ደግሞ 2 እንሰጠዋለን።

ኧርሊ ኮሌጅ ማለት ሃይስኩል ሳይጨርሱ ወደ ኮሌጅ ትምህርት መግባት ነው። የክረምት ማጠናከሪያ ወይም የማስጠኛ ክፍል አይደለም፤ የሚሰጠው ክሬዲት የኮሌጅ ክሬዲት ነው። ሳይመንስ ሮክን በ1964 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ኤልዛቤት ብሎጀት ሆል የሃይስኩል ርእሰ መምህርት የነበሩ ሴት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1966 ገቡ። ሐሳባቸው ብዙ ልጆች በ16 ዓመታቸው ለኮሌጅ ይበቃሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት የሃይስኩል ዓመታት ይባክኑባቸዋል የሚል ነበር። ከ1979 ጀምሮ በባርድ ኮሌጅ ሥር ነው። ተማሪው 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍልን ጨርሶ ይገባል፤ በሁለት ዓመት አሶሼት ዲግሪ፣ በአራት ዓመት ባችለር ይይዛል። የሃይስኩል ዲፕሎማ አይጠየቅም። ይህቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት አብዛኛው ፎቶ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ግሬት ባሪንግተን የነበረውን የድሮውን ግቢ ነው። ያ ግቢ የተማሪ ቁጥር እያነሰ በመሄዱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ፕሮግራሙም ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባሪታውን ወደሚገኝ የባርድ ግቢ ተዛውሯል። ለተማሪው መዛወሩ ጥቅም አለው፤ ትልቁ ኮሌጅ፣ ቤተ መጻሕፍቱና መምህራኑ ቅርብ ሆነዋል። በሌላ በኩል፣ ትንሽ ፕሮግራም አንዴ ቦታ ከቀየረ የጀመርኩትን ዲግሪ የምጨርሰው የት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄውን ለመግቢያ ቢሮው በኢሜይል አቅርቡት፣ መልሱንም አስቀምጡት።

እውነት ጊዜው ቀድሟል ወይ?

ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ልጄ ትንሽ አይደለም ወይ?» ነው። መልሱ በክፍሉ ሳይሆን በዕድሜው ነው የሚገኘው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ6 ዓመቱ ነው፤ 10ኛን ሲጨርስ 16፣ 12ኛን ሲጨርስ 18 ይሆነዋል። እኛ ዘንድ ደንቡ 7 ነው። በ7 ዓመቱ የጀመረ የጅማ ልጅ 10ኛን ሲጨርስ 17 ሞልቶታል፤ ከመደበኛው የአሜሪካ ኮሌጅ ጀማሪ የሚያንሰው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ለእርሱ «ቀድሞ መግባት» የሚባለው የክፍል እንጂ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። በግል ኬጂ በኩል አልፎ በ5 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 15 ዓመት የሞላው ልጅ አዲስ አበባን እንኳ ብቻውን ሳያውቅ ሁድሰን ወንዝ ዳር በረዶ ውስጥ ይገባል። ለ15 ዓመት ልጅ አንመክርም፤ 11ኛን ይጨርስና ያኔ ይታይ።

እዚህ ላይ የቀን አቆጣጠር ስህተት ብዙ ያበላሻል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ለተወለደ ልጅ የሚደመረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8። ጥቅምት 2002 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የተወለደው በ2009 እ.ኤ.አ. እንጂ በ2010 አይደለም። ልደት ሰርተፍኬቱ ላይ በደፈናው 8 ተደምሮ ከተጻፈ ልጁ በወረቀት አንድ ዓመት ያንሳል። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ወራት ይፈጃል።

የሚያስተምሩት እንዴት ነው?

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍና የማሰብ ዎርክሾፕ አለ፣ አንድ ሳምንት ገደማ። ማርክ የለውም። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አጭር ጽሑፍ ያነባሉ፣ ወዲያው ይጽፋሉ፣ የጻፉትን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓመት ሴሚናርም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ በትንሽ ክፍል ውስጥ ጥቂት ተማሪዎች ከመምህር ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ኖት አይጽፍም። ተማሪው ያነበበውን ይዞ መጥቶ ይከራከራል፤ ዝም ያለ ተማሪ እንዳልመጣ ነው የሚቆጠረው።

ለእኛ ልጆች የሚከብደው ይህ ነው። ሳይንሱ አያስፈራቸውም፤ ጅሬንም ሆነ ሰጦ ሰመሮ የሚማር ጎበዝ ተማሪ አልጀብራውንና ፊዚክሱን ይይዘዋል። የሚከብደው እንግሊዝኛው ነው፤ እርሱም ሰዋስው አይደለም። ኦሮሚያ ውስጥ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነውና 10ኛን የጨረሰ ልጅ በእንግሊዝኛ የተማረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታትም የሚፈተነው በአብዛኛው በምርጫ ነው፤ ማትሪኩም ምርጫ ነው። ከ50 በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል የሚያስተምር መምህር በየሳምንቱ 50 ድርሰት ማረም አይችልም፤ ማንም አይችልም። ስለዚህ ልጁ ሐሳብን ከሐሳብ አያይዞ ሁለት ገጽ መጻፍን አልተለማመደም። ይህ የብልህነት ማነስ አይደለም፤ ልምምድ ስላላገኘ ነው። ልምምድ ደግሞ የሚገኝ ነገር ነው።

ዝግጁነቱን ለማወቅ ዱኦሊንጎና ቶፍል በሚባሉት የእንግሊዝኛ ፈተናዎች የተገኘ ነጥብ አይበቃም። እኛ የምንመክረው አራት ሳምንት የሚወስድ የቤት ፈተና ነው። ኦፕንስታክስ የሚባለው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት የኮሌጅ አንደኛ ዓመት መጻሕፍትን በነጻ ያቀርባል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፒዲኤፉን አንዴ አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ችግር የለም። ልጁ ከሚወደው አንድ፣ ከማይወደው አንድ መጽሐፍ ይምረጥ። ሒሳብ ለሚወድ ልጅ ካልኩለስ ቅጽ 1 እና ሳይኮሎጂ ጥሩ ጥንድ ናቸው። በሳምንት ከእያንዳንዱ 20 ገጽ ያንብብ፣ የፈጀበትንም ሰዓት ይመዝግብ። ቅዳሜ መጽሐፉን ዘግቶ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ በእጁ ይጻፍ። ጥያቄው መጽሐፉ በቀጥታ የማይመልሰው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ «ይህ ስለ ማስታወስ የተባለው ነገር ቁርኣን ቤት ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ለተማረ ልጅ ይሠራል?» ዓይነት። እሑድ የእንግሊዝኛ መምህሩ ወይም ዩኒቨርሲቲ ያለ ዘመድ ያንብበው። ፊደል አያርም፤ «ይህ ከዚያ እንዴት ተከተለ?» የሚያስብሉ ሦስት ቦታዎች ላይ ብቻ ምልክት ያድርግ። ሰኞ ልጁ እንደ አዲስ ይጽፈዋል።

የሚበላሸው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው ጽሑፍ የመጽሐፉ አጭር ኖት ነው፤ ልጁ የራሱን አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨመረም። አያስደንግጣችሁ። በሁለተኛው ከቴሌግራም ወይም ከኤአይ የተቀዳ ሊመጣ ይችላል፤ በእጅ ይጻፍ፣ መጽሐፉም ይዘጋ ያልነው ለዚህ ነው። ወሳኙ ሦስተኛው ሳምንት ነው። የሰኞው ጽሑፍ ከቅዳሜው የሚለየው በፊደል እርማት ብቻ ከሆነ ልጁ ገና ነው። አንድ አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ጥሎ ሌላ ከጻፈ፣ ወይም «ቅዳሜ ያልኩት ትክክል አልነበረም» ብሎ ከጀመረ፣ ደርሷል። ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ሰዓቱንም አስሉ። በሴሚስተር አራት ትምህርት ቢወስድና እያንዳንዱ በሳምንት 50 ገጽ ቢያስነብብ 200 ገጽ ነው። በሰዓት 10 ገጽ የሚያነብ ልጅ 20 ሰዓት ይበቃዋል። በሰዓት 4 ገጽ የሚያነብ 50 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ጽሑፉ፣ ላቦራቶሪውና ክፍሉ ሳይቆጠር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ኅዳር ሳይገባ ይደክማል፣ ቢደክምም ለማንም አይናገርም።

ከማትሪክ ማምለጫ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። ከየት እንደመጣ እንረዳለን። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም አሁንም ጥቂት ነው። ወላጅ ይህን እያየ ሌላ በር ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ማትሪክ ያስፈራው ልጅ ሳይመንስ ሮክ ላይ ይበልጥ ይቸገራል። ይህ ፕሮግራም የተሠራው የክፍሉ ትምህርት ላነሰበት ልጅ እንጂ ለበዛበት አይደለም።

የሚጎድለው ወረቀት

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ዲፕሎማ ሳይጠየቅ መግባት አሜሪካ ውስጥ ችግር የለውም፤ ባችለር የያዘን ሰው ማስተርስ ሲያመለክት ስለ ሃይስኩል የሚጠይቀው የለም። እዚህ ግን የሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ ከዲግሪው ጋር የ8ኛ፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ አምጡ የሚሉ ብዙ ናቸው። ከውጭ የመጣ ዲግሪም አገር ውስጥ ሲሠራበት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ያልፋል። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያችሁ የታለ ቢባል ልጁ የሚያሳየው የለውም፤ በኋላ መጥቶ ልፈተን ቢል ደግሞ 11ኛና 12ኛን አልተማረም። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ለባለሥልጣኑ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ፦ «10ኛን ጨርሶ በዚህ ኮሌጅ ባችለር የሚይዝ ሰው የአቻ ግምት እንዴት ይሠራለታል?» ማኅተም ያለበት መልስ ይዛችሁ ውሰኑ። የቃል መልስ ከአራት ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም።

ሐኪም መሆን ለሚፈልግ ልጅ መልሳችን አጭር ነው፦ አይሂድ። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚጀመረው ከባችለር በኋላ ነው፤ 4 ዓመት ሲደመር 4 ዓመት፣ ከዚያ ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና። የውጭ አገር ተማሪ የሚቀበሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ የገንዘብ እርዳታ የሚሰጡት ደግሞ ከእነርሱም ያነሱ። ጅማ ውስጥ ግን ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያወጣ የኖረ ተቋም አለ። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1952 ከተመሠረተው የግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ በ1999 እ.ኤ.አ. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪዎቹን ወደ ገጠር እያወጣ በኅብረተሰቡ መካከል የሚያስተምርበት መንገድ የታወቀ ነው። ፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሶ ሕክምና የሚመደብ ልጅ መጀመሪያ ባችለር መያዝ ሳያስፈልገው በቀጥታ ሕክምና ይማራል።

ስለ ፍሬሽማን አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ወላጅ ይሳሳታልና። ኢንተርኔት ላይ የወሰደው የኮሌጅ ኮርስ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዓመት ያስቀንስለታል የሚል ተስፋ አትያዙ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ሌሎቹም በጋራ የሚሰጡ ናቸው፤ ሁሉም ይማራቸዋል። ኮርሱን ይውሰድ፣ እውቀቱ ይጠቅመዋል፤ ዓመት ግን አይቀንስለትም።

ገንዘቡ

የሳይመንስ ሮክ ሙሉ የዓመት ወጪ ያለ እርዳታ ከ60 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ዶላሩን በ120 ብር ብቻ ብትይዙት እንኳ ከ7 ሚሊዮን ብር በላይ ነው፣ በዓመት። በቡና ንግድ የደህና ቤተሰብ ገቢ እንኳ ይህን አራት ዓመት አይችልም። የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ እርዳታ ለውጭ ዜጋ አይሰጥም። ግቢ ውስጥ መሥራት ቢፈቀድም በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፤ ያ ለሳሙናና ለመጽሐፍ እንጂ ለትምህርት ክፍያ አይሆንም።

የእርዳታ ደብዳቤ ሲመጣ ከፐርሰንቱ በፊት አራት ነገር ፈልጉበት። እርዳታው የሁለት ዓመት ነው ወይስ የአራት? አሶሼት ዲግሪ ላይ የሚቆም ከሆነ ልጁ በ19 ዓመቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ለመቀጠል ስንት አማካይ ነጥብ ይጠይቃል? መኝታና ምግብን ያካትታል ወይስ የትምህርት ክፍያን ብቻ? የጤና ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ከዚህ ውጭ የሚረሳ አንድ ወጪ አለ፦ በክረምት ዕረፍት ዶርም የሚዘጋ ከሆነ ልጁ የት ያድራል? ዘመድ ከሌለው ቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አንድ ከባድ ነጥብ ደግሞ እነሆ። ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተን፣ ዬል፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን የውጭ ተማሪን የገንዘብ አቅም ሳያዩ ተቀብለው የሚያስፈልገውን ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ናቸው። ይህ በር ሰፊ የሆነው ግን ለአንደኛ ዓመት አመልካች ነው። ሁለት ዓመት ኧርሊ ኮሌጅ የተማረ ልጅ ወደነዚህ ሲያመለክት በአብዛኛው የዝውውር አመልካች ነው የሚባለው፤ የዝውውር ቦታ ጥቂት ነው፣ ለውጭ ተማሪ የሚተርፈው እርዳታ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። 12ኛን ጨርሶ በ19 ዓመቱ ቢያመለክት ይከፈትለት የነበረውን ትልቅ በር በ17 ዓመቱ በትንሽ በር በመግባት ሊዘጋው ይችላል። ጎበዝ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ሁለት ዓመት መታገሥ ዋጋ እንዳለው እዚህ ላይ ታዩታላችሁ። እኛ ይህን ፕሮግራም ወደነው ሳለ ብዙዎችን «ቆዩ» የምንለው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ዋሽንግተን አክስት አለችን የሚሉ ደግሞ ይጠይቃሉ። ባርድ በኒውዮርክ ከ2001፣ በዋሽንግተን ዲሲ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ኧርሊ ኮሌጅ ሃይስኩሎች አሉት፤ ያለ ክፍያ ነው የሚያስተምሩት፣ አሶሼት ዲግሪም ይሰጣሉ። እነዚህ ግን ለከተማው ነዋሪ ናቸው። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የመንግሥት ሃይስኩል መማር ከ12 ወር አይበልጥም፣ ሙሉ ወጪውንም መክፈል ግዴታ ነው፤ በጎብኚ ቪዛ ሄዶ መማር ደግሞ ሕግ መጣስ ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ግሪን ካርድ ይዞ ለሚሄድ ልጅ ግን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይኸው ነው። 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ሆኖ ዲሲ የሚገባ ልጅ ያላችሁ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የማመልከቻ ጊዜ እዩ።

ወረቀት ላይ የሚበላሸው

ከጅማ የሚላክ ሰነድ ላይ ከሁሉ የበዛው ችግር ስም ነው። ትራንስክሪፕቱ ስሙን በቁቤ ይጽፈዋል፣ ፓስፖርቱ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ። ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ይጀምራል፣ አናባቢዎቹም ይደረባሉ፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን በ«ሲ» እና በ«ኤች» ይጻፋል። ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ»። ኒውዮርክ ያለ የመዝገብ ሠራተኛ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መፍትሔው ፓስፖርቱን ማስቀደም ነው፤ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ጅማም አለ። ከዚያ ትምህርት ቤቱን ትራንስክሪፕቱ ላይ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲጽፍ፣ ካልተቻለ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲጨምር ጠይቁ። አባት ስምና አያት ስም የትኛው «የቤተሰብ ስም» እንደሚሆንም መጀመሪያ ወስኑና ማመልከቻውም፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውም፣ ባንኩም ያንኑ ይያዙ።

ትራንስክሪፕቱ ላይ 92 የሚል አማካይ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ርእሰ መምህሩ በአንድ ገጽ፦ በክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ልጁ ስንተኛ እንደወጣ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ከ90 በላይ የሚያመጣው ስንት ተማሪ እንደሆነ ቢጽፉ ከሦስት የምስክር ወረቀት ይበልጣል። የመምህር ድጋፍ ደብዳቤም «ታዛዥና ትጉህ ነው» ከሚል ይልቅ ልጁ ክፍል ውስጥ ያነሳውን አንድ ጥያቄ ቢጠቅስ ይሻላል። መምህሩ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከሌላቸው ደብዳቤው ማኅተም ተደርጎበት ስካን ይደረግ።

ደላላ አትቅጠሩ። ማመልከቻው በቀጥታ ለኮሌጁ የሚላክ ነው። ለባንክ ስቴትመንት «ብር እናስገባላችኋለን» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሸሹት፤ ኤምባሲ ፊት የተያዘ ሐሰተኛ ወረቀት ልጁን ለዕድሜ ልክ ሊያስከለክለው ይችላል።

ኮሌጁ ከተቀበለና ገንዘቡ ከተረጋገጠ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ ይልካል። ከዚያ ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ በድምሩ 535 ዶላር ነው፤ ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም። ኢንተርቪው አዲስ አበባ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የኢሚግራንት ያልሆነ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር የሚያገለግል ሆኗል። ይህ ማለት ልጁ በሦስት ወር ይባረራል ማለት አይደለም፤ እየተማረ እስካለ ድረስ መቆየት ይችላል። ነገር ግን ለእረፍት ጅማ ከመጣ ለመመለስ አዲስ ቪዛ፣ አዲስ ክፍያና አዲስ ኢንተርቪው ያስፈልገዋል። ለእናት ይህን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ልጇን አራት ዓመት ላታየው ትችላለች።

ሁለት ነገር ደግሞ ከሄዱ በኋላ እንዳያስደነግጥ። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኮሌጅ ለመማር የኩፍኝ ሁለት ጊዜ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ አንድ አንድ ጊዜ ክትባት ማስረጃ ያስፈልጋል። የጆሮ ደግፍና የሩቤላው ልጆቻችን በሕፃንነታቸው በሚወስዱት መደበኛ ክትባት ውስጥ አልነበረምና የድሮው ካርድ ቢገኝም አይበቃም፤ ለኩፍኙ በሁለቱ ክትባቶች መካከል ቢያንስ 28 ቀን ስለሚያስፈልግ ሰኔ ላይ ጀምሩ። ሌላው የውጤት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ዕድሜው ከ18 በታች ቢሆንም የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው። ኮሌጁ ካርድ ለአባት ልኮ አያስፈርምም፤ ደውላችሁ ብትጠይቁም ልጁ ካልፈቀደ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ከመሄዱ በፊት የፈቃድ ቅጹን ተነጋግራችሁ ይፈርም፣ ለድንገተኛ ሕክምናም የወላጅ ፊርማ ያለበትን ቅጽ ይዞ ይሂድ።

መስከረም ላይ ፓስፖርቱንና ስሙን፣ ጥቅምት የአራት ሳምንቱን ፈተና፣ ኅዳር የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ ታኅሣሥ ማመልከቻውን ያዙ፤ ትክክለኛውን የመዝጊያ ቀን ከኮሌጁ ገጽ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር አረጋግጡ። የ10ኛ ክፍል ውጤት የሚያልቀው ሰኔ መጨረሻ፣ የእነርሱ ትምህርት የሚጀምረው ነሐሴ ነውና ሐምሌ ላይ ትርፍ ቀን የለም። ቪዛው እጃችሁ እስኪገባ ድረስም ልጁን 11ኛ ክፍል ከመመዝገብ አታስቀሩት፤ መዝግቡት፣ መጽሐፉንም ያውጣ።